ሰው ምን ይለኛል? ስለ ይሉኝታና ስለ ቀናዓ የቀረበ ትምህርት

ምስጋና ሁሉ ሲሳይን በጥበቡ ላከፋፈለ፣ ልብንም በመብቃቃት ላበለጸገ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ውድ አንባቢ ሆይ! በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር በየቤታችን የሚኖር፣ ዳሩ ግን ስሙን ጠርተን የማንገሥጸው በሽታ ነው። ይኸውም ሰው አእምሮው የሚያውቀውን እውነት ትቶ፣ ኪሱ የሚችለውንም ልክ አልፎ፣ «ሰው ምን ይለኛል?» በሚል አንድ ጥያቄ እየተነዳ መኖሩ ነው። አማርኛ ለዚህ ጠባይ «ይሉኝታ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስም የወጣለት በሽታ ይታወቃል፤ የታወቀም በሽታ በአላህ ፈቃድ መድኃኒት ይገኝለታል።

ነገሩን ከሩቅ አገር በመጣ ምሳሌ ሳይሆን በአገራችን በታየው እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ፣ ከዐሥር ሰላት በኋላ አንድ ባለ ሱቅ ወደ እኔ መጣ። ስኳርና ዘይት፣ ሳሙናና ሽርጥ የሚሸጥ፣ ሚዛኑ የታመነ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሴት ልጁ ታጭታ ነበር። የሙሽራው ወገኖችም አላህን የሚፈሩ ስለ ነበሩ ምንም ነገር አላስቸገሩትም። ሰውየው የመጣው የሱቁን ዕቃ በርካሽ ሸጦ፣ የጎደለውን ደግሞ ከሦስት ሰው ተበድሮ ትልቅ ሰርግ ቢደግስ በሸሪዓ ያስጠይቀው እንደ ሆነ ለማወቅ ነው። «ጎረቤቴ ሦስት ሰንጋ ጥሏል፤ እኔ ከዚያ ባንስ በገበያው ቀና ብዬ እንዴት እሄዳለሁ?» አለኝ።

እኔም «ነገሩ በእርስዎና በአላህ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ያርዱ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና «አንድ ሁለት በግ ይበቃኝ ነበር» ሲል መለሰ። «እንግዲህ የቀሩትን ሰንጋዎች የሚያርዳቸው ማን ነው?» ስለው ዝም አለ። እኔም ከዚያ በላይ አልተናገርሁም። መናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ፤ በዕድሜ የሚበልጠኝና በመስጊዱ የተከበረ ሰው ስለ ሆነ አፈርሁ። ሰርጉ ተደገሰ፤ እኔም ተጠርቼ ከማዕዱ በላሁ፤ ዱዓም አደረግሁ። ዓመቱ ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። ትልቁ ወንድ ልጁ የአባቱን ዕዳ ልክፈል ብሎ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ባሕር ተሻግሮ ለመሰደድ ወጣ።

ይህን የምጽፈው ያን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። እርሱ ይሉኝታ ይዞት ሰንጋ አረደ፤ እኔ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኝ ምክሬን ዋጥሁት። ከሁለታችን የእኔው ጥፋት ይከብዳል፤ የተማርሁት እንድናገር ነበርና። ስለዚህ ይህ ትምህርት አስቀድሞ ለጸሐፊው፣ ቀጥሎም ለአንባቢው ነው።

አንደኛ፤ ይሉኝታና ሐያእ አንድ አይደሉም

አንዳንድ ሰው «ይሉኝታ ከሌለን ብልግና ይነግሣል፤ ነቢዩስ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐያእን ከኢማን ክፍሎች አንዱ አድርገው አስተምረው የለምን?» ይላል። ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ሐያእ ማለት ሰው ክፉውን ነገር በክፋቱ ምክንያት መጸየፉ፣ ማንም በሌለበት እንኳ አላህ ያየኛል ብሎ ማፈሩ ነው። ይሉኝታ ግን ነገሩ ክፉ ይሁን በጎ ሳይመረመር የሰውን አፍ መፍራት ነው። ባለ ሐያእ በጨለማም ቢሆን አይሰርቅም፤ ባለ ይሉኝታ ግን ሰው ካላየው ሊሰርቅ ይችላል። ሐያእ ያለው ሰው ዕዳውን ሳይከፍል ድግስ መደገስን ያፍራል፤ ይሉኝታ የያዘው ግን ሳይደግስ መቅረትን ያፍራል። እነሆ ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ መስለው መንገዳቸው ፍጹም የተለያየ ነው።

እውነት ለመናገር ይሉኝታ አንድ ጥቅም አለው፤ የጎረቤቱን ለቅሶ ችላ የሚለውን ሰነፍ ከቤቱ ያወጣዋል። ይሁን እንጂ ዓይን የሌለው አገልጋይ ነው፤ ወደ ደጉም ወደ ክፉውም እኩል ይጐትታል። አገልጋይ ሆኖ ሲኖር ይጠቅም ይሆናል፤ ጌታ ሆኖ ሲያዝዝ ግን ቤት ያፈርሳል።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለሙዓዊያ በላከችለት ምክር ከነቢዩ የሰማችውን አስተላልፋለታለች። የነገሩም ጭብጥ ይህ ነው፤ ሰዎችን እያስቆጣም ቢሆን የአላህን ውዴታ የፈለገ ሰው ከሰዎች ክፋት አላህ ይበቃዋል፤ አላህን እያስቆጣ የሰዎችን ውዴታ የፈለገ ግን ለሰዎች ተላልፎ ይተዋል። ወንድሜ ሆይ፣ ለሰዎች ተላልፎ መተው ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ብትሻ አበዳሪ በሱቁ ደጃፍ የቆመበትን ሰው ተመልከት። ያን ዕለት ከማዕዱ የበሉት ሁሉ ወዴት ናቸው?

ሁለተኛ፤ የሸሪዓ ልክ ምን ያህል ነው?

ቁርኣን በአል-ፉርቃን ምዕራፍ የአዛኙን ጌታ ባሮች ጠባይ ሲዘረዝር፣ ሲያወጡ የማያባክኑ፣ የማይሰስቱም፣ በሁለቱ መካከል የሚቆሙ መሆናቸውን ይነግረናል። በአጥ-ጠላቅ ምዕራፍ ደግሞ ባለጸጋ በጸጋው መጠን፣ ሲሳዩ የጠበበበትም አላህ ከሰጠው ላይ እንዲያወጣ ያዝዛል። ልብ በሉ! ልኩ የተቆረጠው በእያንዳንዱ ሰው አቅም ነው እንጂ በጎረቤቱ ድግስ አይደለም። አባቶቻችንም ይህንኑ በአማርኛቸው «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ብለው ተናግረዋል።

አሁን ወደ ነቢዩ ቤት እንግባ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ስለ ነቢዩ ባለቤቶች መህር ተጠይቃ፣ አሥራ ሁለት ዑቂያና ግማሽ፣ ይኸውም 500 ድርሃም እንደ ነበረ ተናግራለች። ይህ በዛሬ ሚዛን አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ብር ነው። ዓሊ (ረ.ዐ.) ፋጢማን ሲያገባ መህር ሆኖ የቀረበው የጦር ጥሩሩ ነበር። ነቢዩ ሶፊያን ባገቡ ጊዜ በመንገድ ላይ የነበረው ወሊማ ዳቦም ሥጋም አልነበረበትም፤ ቴምር፣ የደረቀ እርጎና ቅቤ ተዘርግቶ ሰው በላ። የዘይነብ ወሊማ ከሁሉ የበለጠ ነው ተብሎ የተነገረለት አንድ በግ ስለ ታረደበት ነው። ስለ ወሊማ የተነገረ አንድ ብርቱ ቃልም አለ፤ ከምግብ ሁሉ የከፋው ባለጸጎች ተጠርተው ድሆች የተተዉበት የሰርግ ምግብ መሆኑ ነው። ሰንጋው ሲበዛ የምንጠራቸው እነማን እንደ ሆኑ፣ ከግቢው አጥር ውጭ የሚቆሙትስ እነማን እንደ ሆኑ እያንዳንዳችን እንመርምር።

ለነጋዴዎች ደግሞ የዓብዱራሕማን ኢብን ዓውፍ ታሪክ ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። ከመካ ተሰዶ መዲና በገባ ጊዜ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው አቀረበለት። እርሱ ግን ባረከውና ገበያው ወዴት እንደ ሆነ ብቻ ጠየቀ። ቅቤና የደረቀ እርጎ ሸጠ፤ ጥቂት ቆይቶም የቴምር ፍሬ የሚያህል ወርቅ መህር ሰጥቶ አገባ። ነቢዩም አንዲት በግ እንኳ ቢሆን አርዶ ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት። ይህ ሰው በኋላ ከሶሓቦች ሁሉ ከበለጸጉት አንዱ ሆነ። ሀብቱ የመጣው አስቀድሞ ሀብታም መስሎ በመታየት አልነበረም፤ ሸክም ለመሸከም ባለማፈሩ ነበር።

ሦስተኛ፤ በነጃሺ ችሎት የታየው

ራሱን ችሎ የሚያስብ ሰው ምን እንደሚመስል ልናይ ብንፈልግ አገራችን ከዓለም ሁሉ የቀደመ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾችም ዓምር ኢብኑል ዓስንና ዓብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በቦታው የነበረች ስደተኛ ናትና ነገሩን እንዳየችው አስተላልፋዋለች። መልእክተኞቹ ብልሆች ስለ ነበሩ ከንጉሡ አስቀድመው ወደ መማክርቱ ሄዱ፤ በመካ የታወቀውን የተለፋ ቆዳ ለእያንዳንዳቸው ስጦታ አድርገው ሰጡ። ስለዚህ ጉዳዩ በችሎት በቀረበ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ አፍ ሆነው ስደተኞቹ ይሰጡ ዘንድ መከሩ።

አስቡት! ንጉሥም ቢሆን ይሉኝታ አለበት። መማክርቱ በአንድ ቃል ቆመዋል፤ ስጦታውም በፊቱ ተዘርግቷል፤ ከሳሾቹ የታወቁ መኳንንት፣ ተከሳሾቹ ግን ወገን የሌላቸው መጻተኞች ናቸው። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ ቃላቸውን ሳልሰማ አልፈርድም አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተናገረ፤ ከመርየም ምዕራፍም አነበበ። ንጉሡ እውነቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ በገዛ ልቡ መዘነ። በሁለተኛው ቀን ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሰጠው ቃል መማክርቱን አስከፍቶ ሲያጕረመርሙ እንኳ ከፍርዱ አልተመለሰም። ስጦታውንም ለባለቤቶቹ መለሰ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፣ የብዙ ሰው በአንድ ቃል መስማማት የእውነት ማስረጃ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የስጦታ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ራሱን ችሎ ማሰብ ማለት ለመቃወም መቸኰል ሳይሆን ሳይሰሙ አለመፍረድ ነው። ሦስተኛ፣ ስጦታን መመለስ የቻለ እጅ ብቻ ነው እውነተኛ ፍርድ መፍረድ የሚችለው። ኑሮው ቀላል የሆነ ሰው ሐሳቡም ነጻ ይሆናል፤ ባለ ዕዳ ግን አበዳሪው በተቀመጠበት ጉባኤ እውነትን ለመናገር ይቸገራል። ቀናዓና ነጻ ሐሳብ መንታ እኅትማማቾች ናቸው ያልነው ስለዚህ ነው።

አራተኛ፤ ራስን ችሎ ማሰብ በዑለማ መንገድ

ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ፣ አባቶቻችንን ያገኘናቸው በዚህ ላይ ነው ብለው ከእውነት የሚርቁትን ይወቅሳል። በሰበእ ምዕራፍ ደግሞ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ወይም ብቻ ብቻቸውን ለአላህ ቆመው ያስተነትኑ ዘንድ ይመክራል። ስለ ምን ሁለት ሁለትና ብቻ ብቻ ተባለ? ሰው በሕዝብ መካከል ሲቆም ጩኸቱን እንጂ ልቡን አይሰማምና ነው። ኢብን መስዑድም (ረ.ዐ.) ሰው «ኢምማዓ» እንዳይሆን አስጠንቅቋል፤ ኢምማዓ ማለት ሰዎች ሲቀኑ የሚቀና፣ ሲጠምሙም የሚጠምም፣ የራሱ ሚዛን የሌለው ሰው ነው። ነጋዴ ሆይ፣ ሚዛን የሌለው ሱቅ ምን ዓይነት ሱቅ ነው?

በሐረርጌ አብዛኞቻችን የምንከተለው መዝሀብ ባለቤት ኢማም አሽ-ሻፊዒ (150–204 ዓመተ ሂጅራ) አባት የሞተባቸው ድሀ ልጅ ነበሩ። በመካ እናታቸው አሳደገቻቸው፤ ወረቀት መግዣ አጥተው በአጥንት ላይ እየጻፉ ተማሩ። ኢማም ማሊክን ታላቅ መምህራቸው አድርገው አከበሩ፤ ማስረጃ በለያያቸው ቦታ ግን በአክብሮት ተለዩ። ከዚህም የሚበልጠው፣ ከዒራቅ ወደ ግብፅ ከሄዱ በኋላ ቀድሞ ያስተማሩትን ብዙ ብያኔ እንደ ገና መርምረው ለወጡ። በመድረሳ የተቀመጠ ደረሳ ሁሉ «ቀዲም» እና «ጀዲድ» እያለ የሚያጠናው ይህንኑ ነው። ይህ ታላቅ ሰው «ትናንት እንዲህ ብዬ ነበርና ዛሬ ሰው ምን ይለኛል?» አላሉም። ራስን ችሎ ማሰብ የሚጀምረው ከሌላው ስሕተት ሳይሆን ከገዛ ራስ ስሕተት መሆኑን አስተማሩን።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሸኽ በክሪ ሳጳሎን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1895 ተወለዱ፤ ለትምህርት ወደ እኛው ወደ ጨርጨር መጥተው ከሸኽ ዑመር ዓልዬ በልበለቲ ዘንድ ቀሩ፤ በሐረርም ዓመታት ተቀመጡ። ከዚያም ወደ መንደራቸው ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። በዓረብኛ ብቻ መግጠም የዐዋቂነት ምልክት ሆኖ ሳለ እርሳቸው ገበሬው በሚሰማው በኦሮምኛም ገጠሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ገደማም ለቋንቋው የሚስማማ የራሱ የሆነ ፊደል አዘጋጁ። ሥራቸው በጊዜው ባለ ሥልጣናት ስላልተወደደ በድሬዳዋ ተወስነው እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1980 በስደት አገር በሶማሊያ ዐረፉ። ስማቸው ግን እስከ ዛሬ በየቁርኣን ቤቱ ይነሣል። ሰው በድግሱ ብዛት ሲታወስ ያየ አለን? በሰጠው ዕውቀት ግን ይታወሳል።

አምስተኛ፤ የነጋዴ ሒሳብ

አሁን ነገሩን በነጋዴ ሚዛን እንመዝን። ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከጭሮ እስከ በዴሳና ገለምሶ ያለው ገበያ የቆመው በአብዛኛው በጫትና በቡና፣ በከብትና በማሽላ ላይ ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ይጠወልጋል፤ መኪና ከዘገየ ወይም ገበያው ከሞላ ጧት የተጠራው ዋጋ ማታ የለም። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ወራት ነው። ሰንጋም ቢሆን ገበሬው ከማሳው የሚያሳሳውን የማሽላ አገዳ እየቆረጠ ወራት ሙሉ የቀለበው ነው። እንዲህ ያለ ገቢ አንድ ቀን ይሞላል፣ ሌላ ቀን ይጐድላል። ሰርጉ ግን የሚበዛው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ኪስ ሁሉ በሞላበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ሰው የዓመቱን ኑሮ በአንድ ወር ልክ ይቆርጠዋል፤ የቀሩትንም ወራት በዱቤ ይገፋቸዋል።

ደግሞም የሱቅ ዕቃ የባለ ሱቁ ትርፍ አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ትናንት በተሸጠበት ዋጋ ዛሬ ተመልሶ እንደማይገዛ ነጋዴዎች ያውቃሉ። እንግዲህ ዋናውን ገንዘብ ለድግስ ያወጣ ነጋዴ የዘር እህሉን ቆልቶ እንደ በላ ገበሬ ነው። ከመቶ ሁለት ተኩል የሚወጣውም ዘካ ድሆች በእርሱ ገንዘብ ውስጥ ያላቸው ሐቅ ነው፤ ዋናው ገንዘብ በይታይልኝ ሲያልቅ የድሆቹም ሐቅ አብሮ ያልቃል።

ስለ ዕዳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰላታቸው ውስጥ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁም፣ ሰው ዕዳ ሲይዘው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባም እንደሚያፈርስ አስረዱ። ነጋዴ ሁሉ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። «ነገ ና»፣ «ከጁምዓ በኋላ»፣ «መኪናው ሲገባ» የሚሉት ቃላት በመጀመሪያ እውነት ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ግን ውሸት ሆኑ። እነሆ ክብርን ለመግዛት የተገባ ዕዳ የነጋዴን ትልቁን ክብር፣ ማለት እውነተኛነቱን፣ ሸጦ ይወስዳል።

ስድስተኛ፤ ቀናዓ ምን እንዳልሆነ

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው ወደ ሌላው ጥግ እንዳይሸሽ እንጠንቀቅ። ቀናዓ ስስት አይደለም። ቀናዓ ቡትቶ መልበስም አይደለም፤ ነቢዩ አቅም ያለውን ሰው ጐስቋላ ልብስ ለብሶ ባዩት ጊዜ የአላህ ጸጋ በላዩ ላይ እንዲታይ አዘዋል። ኩራት ንጹሕ ልብስ አለመሆኑን፣ ይልቅስ እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን አስተምረዋል። ቀናዓ ሚስትንና ልጅን ማስራብም አይደለም፤ ሰልማን (ረ.ዐ.) ወንድሙን አቡ ደርዳእን በዒባዳ ብዛት ቤተሰቡን ቸል ባለ ጊዜ ለባለቤትህ ሐቅ አላት ብሎ ገሥጾታል።

ቀላል ኑሮ የሚኖርም ሰው በቀላልነቱ እንዳይኮራ ይጠንቀቅ። «እኔ እንደ እናንተ አይደለሁም» ብሎ ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው ከይሉኝታ አላመለጠም፤ የሚጠብቀው ሙገሳ ተለወጠ እንጂ አሁንም የሚኖረው በሰው ዓይን ነው። ራሱን የቻለ ሰው ሰንጋ ወዳረደው ሰርግ ሲጠራ ይሄዳል፣ ይባርካል፣ አይሳለቅም። በጀናዛ ይቆማል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ የአፎሻውን መዋጮ በጊዜው ይከፍላል። የአገር ልማድ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሆጃ አፍልቶ ጎረቤትን መጥራት፣ በለቅሶ ቀን ምግብ ይዞ መሄድ ሸሪዓ የሚወድደው ልማድ ነው። ልዩነቱን ማወቂያው ይህ ነው፤ ደካማውን የሚደግፍ ልማድ ይጠበቃል፤ ደካማውን የሚያደቅቅ ልማድ ግን ይታረማል።

ሰባተኛ፤ ምን እናድርግ?

ይህን በተግባር ለማዋል አምስት ነገሮችን እንመክራለን።

1ኛ. ማንኛውንም ትልቅ ወጪ ከማውጣትህ በፊት ብቻህን ተቀመጥና «ይህን ማንም ባያይ ኖሮ አደርገው ነበርን?» ብለህ ጠይቅ። መልስህ «አላደርገውም» ከሆነ ለማን እንደምታወጣ አውቀሃል።

2ኛ. የምክር ሰው ፈልግ፤ ዳሩ ግን ከድግሱ የማይበላውን አማክር። የተመለሰ ስጦታ የነጃሺን ፍርድ እንዳጠራ አስታውስ።

3ኛ. መህርና ወሊማ ሲቆረጥ ልጂቱ ራሷ ትጠየቅ። ብዙ ጊዜ አባት በልጁ ስም የሚጨነቅበትን ነገር ልጂቱ አልፈለገችውም። ከአንድ ቀን ድግስ ይልቅ ለትምህርቷ ወይም ለአዲሱ ጎጆዋ የሚሆን ጥቂት ጥሪት ትመርጥ ይሆናል።

4ኛ. አንድ ሰው ብቻውን ልማድን ሲያቃልል ወሬ ይበዛበታል፤ ዐሥር ቤት አብሮ ሲያቃልል ግን ወሬው ልማድ ይሆናል። ስለዚህ የአፎሻ አባላትና የመስጊድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የወሊማን ልክ ቢስማሙበት ለድሀው ታላቅ እፎይታ ነው። ባለጸጎችም አስቀድመው ራሳቸው ይጀምሩ፤ ባለጸጋ ሲያቃልል ድሀው አያፍርምና። ይህም ሰደቃ ሆኖ ይጻፍላቸዋል።

5ኛ. ዑለማ አይፍሩ። ምክር ከድግሱ በኋላ ሳይሆን ከድግሱ በፊት ይነገር። ጸሐፊው ይህን የተማረው በኪሣራ ነው፤ ኪሣራውም የደረሰው በእርሱ ሳይሆን በወንድሙ ነው።

መደምደሚያ

አንባቢ ሆይ፣ በመጀመሪያ የነገርሁህ ያ ባለ ሱቅ የደረሰበትን ሳልነግርህ ትምህርቱን አልዘጋም። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በመናኸሪያ አጠገብ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሳሙናና ክብሪት መሸጥ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። በኋላ ተወው። ዕዳውን ጥቂት በጥቂት ለአራት ዓመት ከፈለ። ልጁ ከተሰደደበት አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ገና አልተመለሰም። አላህ በሰላም ይመልስልን ዘንድ ዱዓ አድርጉለት።

ሁለተኛይቱ ልጁ በታጨች ጊዜ ግን እኔ ሳልጠራ ሄድሁ። ቀድሞ የዋጥሁትን ቃል ተናገርሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ሰውየው ከመመለሱ በፊት ልጂቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና «አባዬ፣ የእኅቴን ሰርግ ወንድሜ ነው የከፈለው፤ የእኔን ማን ይክፈለው?» አለች። ማንም አልመለሰም። ኒካሑ ከዐሥር ሰላት በኋላ በመስጊድ ታሰረ፤ ሁለት በግ ታረደ፤ የሰፈሩ ድሆች አስቀድመው በሉ። ሰውስ አላወራምን? አወራ፤ አንድ ሳምንት ያህል አወራ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብና ስለ ጫት ዋጋ ማውራት ጀመረ። አሁን በዚያ ሰፈር ከእርሱ በኋላ ሦስት ቤቶች በዚሁ ልክ ድረዋል።

«ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ሳምንት ዕድሜ አለው። አላህ ዘንድ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ይኸውም ገንዘብህን ከየት አመጣኸው፣ በምንስ ላይ አወጣኸው የሚለው ግን ሁላችንንም ይጠብቀናል። ለአንድ ሳምንቱ ጥያቄ ስንጨነቅ ለዘላለሙ ጥያቄ መልስ አጥተን እንዳንገኝ እንንቃ።

አላህ ሆይ፣ በሰጠኸን የምንብቃቃ፣ እውነትን አይተን የምንከተል፣ ለድሀው የማንከብድ አድርገን። ባለ ዕዳዎቻችንን ከዕዳቸው አውጣ፤ ስደተኞቻችንን ወደ እናቶቻቸው መልስ። ነጋዴዎቻችንን በሚዛናቸው እውነተኞች፣ ልጆቻችንንም በልባቸው ባለጸጎች አድርግልን። አሚን።